ጋሽ ሁሴንና የቀናዎች ከተማ

ዘይነባ ስትደውልልኝ የአባቷን ወንበር እየወለወልኩ ነበር። ሐሙስ ነው። ሐሙስ ሐሙስ አራት ሰዓት ላይ አባቷ ጋሽ ሁሴን ወደ ሱቄ ስለሚመጡ፣ ከደንበኞች አግዳሚ ለይቼ የማስቀምጥላቸው መደገፊያ ያለው ወንበር አለ። የአዳማ ነፋስ ጠዋት የወለወሉትን ረፋድ ላይ መልሶ አቧራ ያለብሰዋል፤ ስለዚህ ሊደርሱ ሲሉ ነው የምወለውለው። «አባባ አረፈ» አለችኝ። ለሱብሒ ሶላት ሊቀሰቅሱት ሲገቡ አልነቃም። ዛሬውኑ ከዙህር በኋላ ይቀበራል ብላ ስልኩን ዘጋች።

አሁን የምናገረው ያሳፍረኛል። መጀመሪያ የተሰማኝ ኀዘን አልነበረም፤ ግልግል ነው። ከእንግዲህ በሱቄ በር ላይ ቆሞ «ሌላ የምትነግሪኝ የለም?» የሚለኝ ሰው የለም ብዬ ትከሻዬ ቀለለኝ። ኀዘኑ የመጣው መወልወያውን ጨርቅ አጥቤ ሳሰጣ ነው። ከመጣ ወዲህ አልሄደም።

ጋሽ ሁሴን መቂ ሰባተኛ ክፍል ሳለሁ አማርኛ ያስተማሩኝ መምህር ናቸው። የወሎ ሰው ናቸው፤ በወጣትነታቸው ለሥራ መጥተው እዚሁ ስምጥ ሸለቆ ቀሩ። ረጅም ስለነበሩ በር ሲገቡ ጎንበስ ይላሉ፤ በሩ ከፍ ያለ ቢሆንም ጎንበስ ይላሉ። ከኮታቸው ኪስ በወረቀት የተጠቀለለ ጨው አይጠፋም። በእረፍት ሰዓት ከሌላኛው ኪስ ቲማቲም ያወጡና ጨው ነስነስ እያደረጉ እንደ ብርቱካን ይበሉታል። እኛ ቲማቲም በሳጥን በሳጥን ሲጫን እያየን ያደግን ልጆች ስለነበርን፣ ባንድ ቲማቲም እንዲህ የሚደሰት ትልቅ ሰው ያስቀን ነበር።

ሌላም ልማድ ነበራቸው። ሱቅ ለውዙንም ጨውንም የሚጠቀልለው በአሮጌ ደብተር ወረቀት ነው፤ ጋሽ ሁሴን ደግሞ የተጠቀለለበትን ሳያነቡ አይጥሉም። የማያውቁትን ልጅ የቤት ሥራ በቀይ እስክሪብቶ አርመው «ልጁ ሲመጣ ስጠው» ብለው ለባለሱቁ ሲመልሱ በዓይኔ አይቻለሁ።

አንድ ቀን የትምህርት ቤቱ ብቸኛ የዓለም ካርታ ሉል ተሰብሮ ተገኘ። «ማነው?» አሉ። ማንም አልተነሣም። ወንበር ስበው በሩ አጠገብ ተቀመጡ፤ እጃቸውን አጣጥፈው ዝም ብለው ይጠብቁ ጀመር። አልተቆጡም፣ አልመረመሩም። ክፍለ ጊዜው እንደዚያው አለቀ። በማግስቱም እንደዚያው። በሦስተኛው ቀን ከኋላ የምትቀመጥ ጫልቱ የምትባል ልጅ ተነሥታ «ጋሼ፣ እኔ ነኝ» አለች፤ እንባዋ እየወረደ። «ተቀመጪ» አሏት። ጠመኔ አንሥተው ትምህርቱን ካቆሙበት ቀጠሉ። ዱላ የለ፣ ወላጅ አምጪ የለ። ዓመቱን ሙሉ የጫልቱን ቅጣት ስንጠብቅ ኖርን፤ ሳይመጣ ትምህርት ቤት ተዘጋ።

ይህ ሁሉ ካለፈ ከብዙ ዓመት በኋላ፣ ከዛሬ ዓመት ተኩል በፊት መሆኑ ነው፣ በጽሕፈት ሱቄ በር ጎንበስ ብለው ገቡ። ማመልከቻ፣ ውል፣ የሥራ ልምድ እጽፋለሁ፤ ፎቶ ኮፒም አለኝ። ጡረታ ወጥተው አዳማ ልጃቸው ዘይነባ ጋ እንደሚኖሩ ያን ጊዜ ነው የሰማሁት። በእጃቸው በፌስታል የታሰሩ ዐሥራ ሁለት ደብተሮች ይዘዋል። ዓይናቸው በግፊት ምክንያት እየጠፋ ነበር፤ የሰው መልክ ያያሉ፣ ፊደል ግን አይለዩም። ስሜን ስነግራቸው ከመቂ ተማሪዎቻቸው የትኛዋ እንደሆንኩ ወዲያው አወቁ።

«ሰናይት፣ ልብ ወለድ ነው» አሉኝ ፌስታሉን ጠረጴዛዬ ላይ እያስቀመጡ። «ዓይኔ ሳይደክም የጻፍኩት ነው። መጨረሻው ግን ገና ሆዴ ውስጥ ነው፤ እሱን በቃል እነግርሻለሁ።»

ታሪኩ ቀናዎች ስለሚባሉ ሰዎች ከተማ ነው። ከረጅም ጠብ በኋላ የከተማዋ ሹማምንት ጠብ የሌለበት አዲስ ቋንቋ ይሠራ ብለው ያውጃሉ፤ ስሙም ቀና ልሳን ይባላል። ቃል ቤት የሚባል መሥሪያ ቤት ይቋቋምና በየዓመቱ ጥቂት ቃላት እየለቀመ ያስቀራል። ቃሉ የጠፋበት ሰው ነገሩንም ቀስ በቀስ ማሰብ ይተዋል። ሕዝቡ መጀመሪያ ደስ ይለዋል፤ ገበያው ጸጥ ይላል፣ ባልና ሚስት መጨቃጨቅ ያቆማሉ። እኔ መጀመሪያ የሚጠፋው ነጻነት የሚለው ቃል ይሆናል ብዬ ጠብቄ ነበር። አይደለም። መጀመሪያ ቃል ቤት የሚወስደው «አጠፋሁ» የሚለውን ነው። ለምን ብዬ ጠየቅኳቸው።

«ሰው የሚሳደብበት ቃል አያጣም፤ ምንም ብትከለክዪው አንድ ያገኛል» አሉኝ። «የሚጸጸትበትን ከወሰድሽበት ግን ሌላው ሁሉ በገዛ እጁ ይሄድልሻል።»

እንዲህ ዓይነት ልብ ወለድ በውጭ አገር እንደሚጻፍ ያውቁ ነበር፤ የተወሰኑትን በእንግሊዝኛ አንብበዋል። ቅር የሚላቸው ነገር ግን ነበር። በነዚያ መጻሕፍት ውስጥ ቋንቋውን የሚሠራው ሁልጊዜ ከላይ የተቀመጠ ኃይለኛ ነው፤ ታች ያለው ሰው የሚደረግበት ብቻ ነው። ጋሽ ሁሴን ይህን አያምኑም። ቋንቋ የሚበላሸው ከጸሐፊ ወንበር ነው ይሉ ነበር፣ ማንም ሳያዝዘው። ጸሐፊ ሲሉ ወደኔ ዞር ብለው ፈገግ ይላሉ፤ እኔም አብሬ እስቃለሁ።

አንድ ሐሙስ እሳቸው ተቀምጠው ሳለ ከዓለም ጤና ከተማ አካባቢ የመጣ የሽንኩርት ገበሬ ማመልከቻ ሊያስጽፍ ገባ። በኦሮምኛ «አካም» ተባብለው ጎናቸው ተቀመጠ። ፓምፑን የጎረቤቱ ልጅ ፈቃዱ ከማሳው ነቅሎ ወስዶበታል፤ ሽንኩርቱ ውሃ ጠምቶት እየደረቀ ነው። እኔ እንደ ልማዴ ጻፍኩ፦ የአመልካች የውሃ መሳቢያ ሞተር በአካባቢው በተፈጠረ ክፍተት ምክንያት ከይዞታቸው ሊወጣ ችሏል። አንብቤለት ገበሬው አመሰገነኝ። ጋሽ ሁሴን መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቀሉ፤ ነገር ሲያዳምጡ እንደዚያ ያደርጋሉ።

«ፈቃዱ የታለ?» አሉ።

«ጋሼ፣ እንዲህ ካልተጻፈ ቢሮ አይቀበሉትም» አልኳቸው።

«ፈቃዱ ወሰደ ብለሽ ጽፈሽ መልሰውብሽ ያውቃሉ?»

አሰብኩ። እውነቱን ለመናገር አንድም ቀን ሞክሬው አላውቅም። ሙያውን ያስተማረችኝ ሴት እንዲህ ትጽፍ ነበር፤ እሷንም ያስተማራት ሰው እንዲሁ። ገበሬው በመሐል ገብቶ «ኧረ ተዋት አባቴ፣ እንዲህ ከበድ ሲል ነው የሚያምረው» አለ፤ ሦስታችንም ሳቅን። ወረቀቱን ይዞ ሄደ። ፈቃዱ ያልነበረበት ማመልከቻ የት እንደደረሰ አላውቅም።

ደብተሮቹን በስምንት ወር ጻፍኳቸው። ሐሙስ ሲመጡ የጻፍኩትን አነብላቸዋለሁ። ልብ ወለዱን በቃላቸው ስለሚያውቁት አንዳንዴ ከኔ ቀድመው ዓረፍተ ነገሩን ይጨርሱታል። ማሽኑ ያወጣውን ትኩስ ወረቀት አፍንጫቸው ላይ አስጠግተው ያሸቱታል፤ ማየት ያልቻሉትን ያን ያህል ለማግኘት ይመስለኛል።

አሁን ወደ ጥፋቴ ልምጣ። አንድ ቀን በአንድ መሥሪያ ቤት የሚሠራ ደንበኛዬ ፎቶ ኮፒውን እየጠበቀ ወደ ኮምፒውተሬ አጎነበሰ። የቃል ቤቱ ሹማምንት ለሕዝቡ ዋሹ የሚል መስመር ነበር። «ይሄ የማን ነው?» አለኝ። «የደንበኛ ነው» አልኩት። «እህ» ብሎ ወረቀቱን ይዞ ወጣ። እኔ ግን ቀኑን ሙሉ ያቺን «እህ» ሳኝካት ዋልኩ። ባለቤቴ ሞጆ ደረቅ ወደብ የጉምሩክ አስተላላፊ ነው፤ ከሥራ ሲመለስ ነገርኩት። «የሰው ነገር ምን አግብቶሽ፣ ልጆች አሉን» አለኝ።

በማግስቱ ጠዋት ፋይሉን ከፈትኩ። ኮምፒውተር ላይ አንድን ቃል ፈልጎ ባለበት ሁሉ በሌላ የሚተካ ነገር አለ፤ በሥራዬ ሁልጊዜ እጠቀምበታለሁ። «ዋሹ» የሚለውን «ገለጹ» አደረግኩት። «ፈሩ» የሚለውን «ተጠነቀቁ»፣ «ነጠቁ» የሚለውን «ተረከቡ» አደረግኩት። የቀረውን በእጄ እየለቀምኩ አለሳለስኩ። ለሳቸውም ለኔም ይሻላል አልኩ። ታትሞ ሲወጣ ማን ያስተውለዋል አልኩ። ልቤ ግን ያውቅ ነበር፤ ምክንያቱም ሐሙስ መጥተው አንብቢልኝ ሲሉኝ ዓይኔ «ገለጹ» የሚለውን እያየ አፌ «ዋሹ» ይላል። እሳቸውም ራሳቸውን ይነቀንቃሉ።

ደብተሮቹና በየሐሙሱ ያተምኩላቸው ወረቀቶች ቀሩ። ቤታችን አይጥ ስላለ አንቺ ጋ ይቀመጡ ብለውኝ ነበር። ሳያቸው ሳያቸው ፍርሃቴ ባሰ። ማቃጠል ነውር መሰለኝ። አሮጌ ደብተር ለሱቅ መስጠት ግን ማንም የሚያደርገው ነው፤ ጎረቤቴ ወይዘሮ አስካለ ሁልጊዜ መጠቅለያ ትጠይቀኛለች። ሁሉንም ሰጠኋት። መረቀችኝ።

ሁለት ሳምንት ያህል አልፎ ጋሽ ሁሴን በእጃቸው ለውዝ ይዘው ገቡ። ከአስካለ ገዝተው ነው። ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው እየፈለፈሉ መብላት ጀመሩ። የእጅ ጽሕፈታቸውን ከሩቅ ለየሁት፤ ያ ቀጥ ያለ፣ ሰባተኛ ክፍል ሰሌዳ ላይ የለመድኩት ጽሕፈት ነው። መጻፌን አቆምኩ። ለውዙን ጨርሰው ወረቀቱን ጭናቸው ላይ በመዳፋቸው አቃኑ። ከዚያ ወደኔ ዘረጉት።

«የማን ልጅ ደብተር ይሆን? እስቲ ምን ይላል፣ አንብቢልኝ።»

ተቀበልኳቸው። የመጽሐፋቸው አንድ ገጽ ነው።

«የሳይንስ ነው ጋሼ» አልኩ። «ስለ ሥርና ግንድ ነው።»

«ደህና ጽፏል?»

«ደህና ነው።»

ፈገግ አሉ። እጃቸውን ዘርግተው ወረቀቱን ተቀበሉኝና በአራት አጥፈው ጨው የሚይዙበት ኪስ ውስጥ ከተቱት። የዚያን ዕለት መጨረሻውን ምዕራፍ ሊነግሩኝ ነበር የመጡት። ዛሬ ደክሞኛል፣ ሌላ ጊዜ ይሁን ብለው ተነሡ።

ከዚያ በኋላ ለአራት ወር ሐሙስ ሐሙስ ሳያቋርጡ መጡ። መጨረሻውን ግን አልነገሩኝም። ስለ ቲማቲም ዋጋ፣ ስለ ንፋሱ፣ ስለ ዱሮ ተማሪዎች እናወራለን። ሲወጡ በሩን ይዘው ይቆማሉ። «ሌላ የምትነግሪኝ የለም?» ይሉኛል። «የለም ጋሼ» እላለሁ። «እንግዲያስ ሰላም ዋይ» ይላሉ።

ልነግራቸው የወሰንኩባቸው ሐሙሶች ነበሩ። ቃሉን አፌ ላይ አድርጌ ጠብቄያቸው፣ ሲገቡ ስለ ጤናቸው ጠይቄ ዋጥኩት። በቃላቸው ስለሚያውቁት እንደገና እንጽፈዋለን፣ እኔም ማታ ማታ እየቆየሁ እጨርሰዋለሁ እያልኩ አቅድ ነበር። ይህን ሁሉ ለራሴ በደንብ አስረዳዋለሁ። አንዴ ከዘገየ በኋላ ግን የዘገየበትን ምክንያትም መናገር ሊኖርብኝ ነው፤ ካፈርኩ አይመልሰኝ ሆነ። በዚህ መሐል ያ የመሥሪያ ቤት ደንበኛዬ አንድ ቀን መጣና «ያ ልብ ወለድ ታተመ እንዴ? ደስ የሚል ነገር ነበር፣ ላነበው ፈልጌ ነው» አለኝ። ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ያን ሰሞን ቢያንስ መንገር ነበረብኝ።

ለቅሶው ቤት ሦስተኛው ቀን ላይ ሄድኩ። ሴቶቹ ምንጣፍ ላይ ተቀምጠዋል። አላህ ጀነት ይስጣቸው ብዬ ዘይነባ አጠገብ ተቀመጥኩ። ሰው እስኪቀንስ ጠበቀችና ወደ ጓዳ ጠራችኝ። ከሳጥን ውስጥ በአራት የታጠፈ፣ የለውዝ ቅባት ያረፈበት ወረቀት አወጣች።

ያን ቀን ቤት ሲገቡ አንብቢልኝ ብለው ሰጥተዋት ነበር። ስታነብ ሁለተኛው መስመር ላይ የማን እንደሆነ ገባት። አባቷ ሁለቴ አስደገሟት። ዘይነባ ተነሥታ እኔ ጋ ልትመጣ ጫማዋን እየፈለገች ሳለ ከለከሏት።

«ምን እንዳለኝ ታውቂያለሽ?» አለችኝ። «‘ተዪያት፣ ራሷ ትነሣለች’ አለኝ።»

እሷ እንድትጽፍላቸው ለምናቸው ነበር፤ ቁጭ በልና ንገረኝ፣ እኔ እጽፋለሁ ብላቸዋለች። ከሰናይት ጋር ነው የጀመርኩት፣ ከሷ ጋር ነው የምጨርሰው ብለው እምቢ አሏት። ሐሙስ ጠዋት ጠዋት ኮታቸውን ሲለብሱ ዛሬ ትነግረኛለች ይሉ ነበር አለች። ዘይነባ አልተቆጣችኝም። ወረቀቱን ብቻ እጄ ላይ አስቀምጣ ወደ ሰዎቹ ተመለሰች።

አንዳንድ ቀን እናደድባቸዋለሁ። ምናለ አንዴ ቢጮኹብኝ? ሰባተኛ ክፍል አይደለሁም፣ አርባ ዓመት ሊሞላኝ ነው። ዕድሜያቸው እየሄደ፣ መጽሐፉ ሆዳቸው ውስጥ እያለ፣ እኔን መጠበቅ ምን የሚሉት ግትርነት ነው? ከዚያ ጫልቱ ትዝ ትለኛለች፤ ንዴቱ ይበርዳል። ሰው ራሱ ተነሥቶ «አጠፋሁ» ካላለ የጻፉት ሁሉ ውሸት እንዳይሆንባቸው ይሆናል የፈሩት። ወይም እኔን ከጫልቱ አላሳነሱኝም ነበር።

ፋይሉን ለመመለስ ሞክሬያለሁ። «ገለጹ» ያለውን ሁሉ መልሼ «ዋሹ»፣ «ተረከቡ» ያለውንም «ነጠቁ» አደረግኩት። ግን ጋሽ ሁሴን ራሳቸው «ገለጹ» ብለው የጻፉባቸው ቦታዎች ነበሩ፤ አሁን የትኛው የማን እንደሆነ አይለይም። በመጽሐፉ ውስጥ አንድም ቀን ያልዋሹ ሽማግሌ አሉ፤ እሳቸውም እውነቱን ዋሹ ይላል። እናቶች ልጆቻቸውን ከትምህርት ቤት ነጠቁ ይላል። በእጄ ያለሳለስኩትንማ ምን እንደነበረ ጭራሽ አላስታውሰውም። የሚያስታውሱት እሳቸው ብቻ ነበሩ። ከቀናዎች ከተማ በትክክል የቀረችው ያቺ የለውዝ ገጽ ናት።

ትናንት ሐሙስ ነበር። አራት ሰዓት ላይ ወንበሩን ወልውዬ ገጿን መጻፍ ጀመርኩ፤ ቃል ሳልነካ፣ ፊደል ሳልነካ። እንዲህ ትላለች፦

«ዋሸህ አለችው ሽንኩርት ሻጯ። ገበያው ዝም አለ። ቃሉ ከተሰማ ብዙ ዓመት ስለሆነው አንዳንዱ ሰው ትርጉሙን ለማስታወስ ወደ ሰማይ አየ። ሹሙ አልተቆጣም። መልስ የሚሰጥበት ቃል ፈልጎ አፉን ከፈተ፤ ያን ቃል ግን ራሱ ነበር ያስወሰደው።»

ከዚህ በታች ያለው በቅባት ፈዟል። የሚነበበውን አትሜ ወረቀቱን እንደሳቸው አሸተትኩት። ወንበራቸው ላይ አስቀመጥኩት። ሱቁ ውስጥ ደንበኛ አልነበረም፤ ውጭ ባጃጆቹ ይጮኻሉ። ከመቀመጫዬ ተነሣሁ።

«ጋሼ፣ እኔ ነኝ» አልኩ።

ቆሜ ጠበቅኩ። ተቀመጪ የሚለኝ የለም።